ሳይፈሩ የጠየቁን ሲስተር ዘይነባ

ሲስተር ዘይነባ እንድሪስ አርፈዋል። ይህን የምጽፈው የስልክ መስመር በተቋረጠበት ቀበሌ ላላችሁ፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ለተሰደዳችሁ፣ በእጃቸው ለተወለዳችሁና በእጃቸው ለተከተባችሁ ሁሉ ነው። ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት መርሳ በሚገኘው ቤታቸው ሲሆን የተቀበሩትም በዚያው ዕለት ነው። እኛ ሴቶች እንደ ወጉ በግቢያቸው ቀረን፤ ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ወጡ። በሰሜን በኩል፣ ከወልድያ ማዶ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቀባሪዎቹ ሳይዘገዩ ተመለሱ። ማንም ተቀምጦ ስለ እርሳቸው ለማውራት ፋታ አላገኘም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከመንገዱ ላይ ነበር። እንዲህ በጥድፊያ የሚሸኙ ሴት አልነበሩም።

እኔ ትዕግሥት እባላለሁ፤ የጎረቤታቸው ልጅና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ እርሳቸው ልጻፍ ብዬ ስነሣ ስለ ራሴም መናገር ግድ ሆነብኝ። ሰው ሊሰማው የማይወድ ነገር ስለሆነ እናቴን ፈቃድ ጠየቅኋት። «እሳቸው ቢሆኑ ደብቂው ይሉሽ ነበር?» አለችኝ። አይሉኝም ነበር።

ሲስተር ዘይነባ የሀብሩ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ነርስነት ደሴ ተምረው ከተመለሱ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት በመርሳና በዙሪያዋ ነው። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ የወንድማቸውን ልጅ ሀያትን ግን እንደ ልጃቸው አሳደጉ። ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። የገበያ ቀን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ሕመሙን ሲነግራቸው፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ይሰሙታል እንጂ ነገ ጤና ጣቢያ ና ብለው አያልፉትም።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ገበሬ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። መናገር ትታለች፣ ጂን ነው፣ ክታብ ተጽፎላታል፣ ቁርኣን ተቀርቶባታል፣ ጎረቤት ደግሞ ጸበል ውሰዳት ብሎኛል አላቸው። በእምነቱ አልተከራከሩትም። «ዱዓውም ይደረግ፣ ጸበሉም ይጠጣ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃት፤ እርስዎ ደጅ ይጠብቁን» አሉት። ልጅቱ ለማትፈልገው ሰው ልትዳር እንደነበረና መኖር እንደሰለቻት የተናገረችው ለእርሳቸው ነው። ጋብቻው እንዲቀር ሽማግሌ የላኩትም እርሳቸው ናቸው። ልጅቱ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ይህን ታሪክ የነገረችኝም ራሷ ናት።

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ሞተ፣ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ሰው በቀን እንኳ በሩን ከውስጥ ይቀረቅር ጀመር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ በቤቱ የነበርነው እኔ፣ እናቴና ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ነበርን። ደሳለኝ ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ደሴ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መንገድ ላይ መሞቱን ከጓደኞቹ አንዱ ተመልሶ ነገረን። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ፣ ለቅሶ የለ። ያን ጊዜ ተሰብስቦ መቀመጥ ያስፈራ ስለነበር እናቴ ድምፅ አውጥታ እንኳ አላለቀሰችለትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትውላለች።

ከዚያ በኋላ በውስጤ የሆነውን በስሙ ለመጥራት ጊዜ ወስዶብኛል። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ቀጥሎም ምግብ። ከዚያ እኔ ባልኖር ለእናቴ የሚቀልላት መሰለኝ። ሐሳቡ በመጀመሪያ አስደነገጠኝ፤ እየዋለ ሲያድር ግን ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ለመድሁት። ይህ ነበር ክፉው። ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ቀን ሀያትን ጠርቼ መጻሕፍቴንና ጉትቻዬን ሰጠኋትና ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አልኋት።

ሀያት መጻሕፍቱን ታቅፋ ቤት ስትገባ ሲስተር ዘይነባ የአንድ ሽማግሌ ቁስል እያጠቡ ነበር። ጤና ጣቢያው ባዶ ስለሆነ በሽተኛው ሁሉ ወደ ቤታቸው ይመጣል። ባንዴጅ ባለመኖሩ ንጹሕ ጨርቅ ቀድደው፣ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ያስሩለታል። ሀያት የሰጠኋትን አሳይታ ያልኋትን ስትነግራቸው ቁስሉን አስረው ጨረሱና ወዲያው ወደ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ትዕግሥት፣ መጻሕፍትሽን ለምን ሰጠሽ?»

የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልል ጀመር።

«ልሙት ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ይህን ቃል ከሰው አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ትኩሳት አለሽ ወይ ብለው እንደሚጠይቁት ዓይነት ነበር፤ ፍርድም ድንጋጤም የለበትም። አዎ አልኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ኃጢአት ነው፣ ሐራም ነው ብለው አላስፈራሩኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የቆረጥሁት ነገር እንዳለም ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። እጄን ይዘው፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ። ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ዛሬ ብቻሽን አትሆኚም» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልሆንሁም።

ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ ለመንኋቸው። «ምስጢርሽን እጠብቅልሻለሁ። ነፍስሽን ግን ብቻዬን ልጠብቃት አልችልም። እኔ ልንገራት ወይስ አብረን?» አሉኝ። አብረን ነገርናት። እናቴ መጀመሪያ ጆሮዋን ይዛ፣ ሲስተር አያሟርቱብኝ አለቻቸው። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ወላጅ የደጋገሙትን ቃል ያን ዕለት ተናገሩ፦ «ስለ ሞት መጠየቅ ሞትን አይጠራውም። እሱ የሚወደው ዝም ሲባልለት ነው።» ያን ጊዜ እናቴ አለቀሰች፤ ለእኔም ለደሳለኝም አንድ ላይ። ሲስተር ዘይነባ በሩን ዘግተው ከእኛ ጋር ለቅሶ ተቀመጡ። በራሴ ላይ ጉዳት ላደርስበት የምችል ነገር ሁሉ ከቤታችን ወጥቶ በእርሳቸው ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እናቴ ስትወጣ ሀያት ትመጣለች፤ ሀያት ስትሄድ እርሳቸው ይመጣሉ።

ይህ ብቻ እንደማይበቃ ግን ያውቁ ነበር። ወልድያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለ፣ እኔም እርሱ ዘንድ መድረስ እንዳለብኝ ለእናቴ ነገሯት። መኪና ስለሌለ በእግራችን ተነሣን። ባዶ ቤት ስለሚዘረፍ እናቴ ቀረች። አስፋልቱ ላይ ከእኛ በቀር ሰው አይታይም ነበር። የተቃጠሉ መኪኖች በየዳሩ ቆመዋል። ሲሪንቃ ስንደርስ የግብርና ምርምር ጣቢያው ማሳ ሳይታጨድ ወፍ ወርሶታል። ከፊታችን የሆነ ነገር ሲጮህ ቦይ ውስጥ እንወርዳለን፤ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ይብሳል።

ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ አስቆመን። የት እንደምንሄድ ጠየቀ። ልጄን ሐኪም ዘንድ እየወሰድሁ ነው አሉት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ምንም አልሆነችም፣ ምኗን ነው የሚያማት አለ። ሲስተር ዘይነባ «ሐዘን» አሉት። ከዚያ ፊቱን አዙሮ በእጁ እለፉ አለን።

ባለሙያው ይሠራበት የነበረው ቦታ ተዘግቶ አገኘነው። ሰው ስንጠይቅ አንዱ ሸሽቷል አለን፤ ሌላው ሞቷል አለን። ሲስተር ዘይነባ ግን በየሰፈሩ እያንኳኩ ጠየቁ፤ በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት አገኙት። አልሸሸም፤ በሽተኞቹን ቤቱ ይቀበል ነበር። ብቻዬን ረጅም ሰዓት አነጋገረኝ። የያዘኝ ነገር ሕመም እንደሆነ፣ ብዙ ልጆችን እንደሚይዝ፣ ታክሞ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ሐሳቡ ሲመጣ ወደ ማን እንደምሮጥ፣ ያ ሰው ባይኖር ደግሞ ወደ ማን እንደምሄድ አስወሰነኝ። ተመላልሼ እንድመጣም ቀጠረኝ።

በማግስቱ በመመለሻችን ሲስተር ዘይነባ ደጋግመው ውሃ ይጠጡ ነበር። መርሳ ልንደርስ ስንል ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ ሁሉ ወራት መድኃኒታቸው ከየት እንደሚመጣ ግን አንዳችንም አስበን አናውቅም። እኔ ባለሙያውን ሳነጋግር እርሳቸው ለካ በወልድያ ፋርማሲዎች ሲዞሩ ነበር።

«መድኃኒትዎ አልቋል እንዴ?» አልኋቸው።

«አልቋል። አንቺ እውነቱን ነግረሽኛል፤ እኔም አልዋሽሽም። ግን ይህን በራስሽ ላይ እንዳትጭኚው። ያለቀው አንቺ ሳትታመሚ ነው።»

ያን ቀን ተደግፈውኝ ገቡ።

መንገዱ ሲከፈትና መድኃኒት ሲገባ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር። ቢሆንም ጤና ጣቢያው ዳግም ሲከፈት ከሁሉ ቀድመው ተገኙ። መምህራንን፣ ኢማሙንና ቄሱን በአንድ ክፍል ሰበሰቡና ልጅ ዝም ሲል፣ የሚወደውን ነገር ለሰው ሲሰጥ፣ መኖር አስጠላኝ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ነገሯቸው፦ ይጠይቁት፣ ይስሙት፣ ብቻውን አይተዉት፣ ወደ ባለሙያ ያድርሱት። ቄሱ፣ መልሱ አዎ ከሆነስ ብለው ፈሩ። «አዎ ካለማ ተገኘ ማለት ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ስማቸውን ለማንም አልተናገሩም። እኔም ወደ ወልድያ መመላለሴን ቀጠልሁ። አሁንም ሐሳቡ አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲመጣ እናገራለሁ፤ ስናገር ያልፋል። ይህን የምታነቡ እኩዮቼ፣ ሐሳቡ እናንተም ላይ መጥቶ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ዛሬ አጠገባችሁ ላለ ለምታምኑት ሰው ንገሩት። የመጀመሪያው ባይሰማችሁ ሁለተኛውን አንኳኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። ከቆቦ የተፈናቀለው ሕዝብ ወልድያን አልፎ መርሳ ደረሰ፤ ትምህርት ቤታችንም መጠለያ ሆነ። ሲስተር ዘይነባ ያን ጊዜ አልጋ ይዘዋል። ደሴ ወስደናቸው ተመልሰዋል፤ ሁለተኛ ለመውሰድ መኪና ብንፈልግ መንገዱ በሸሺ ተጨናንቆ አልሆነልንም። ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮም ቢሆን የሚጠይቁን ስለ ተፈናቃዮቹ ልጆች ነበር፤ ማን ብቻውን ይቀመጣል፣ ማን መብላት ትቷል ይሉናል። ማክሰኞ ጠዋት ሀያት ውሃ ልታጠጣቸው ስትገባ አርፈው አገኘቻቸው።

ሲስተር፣ እንግዲህ እርስዎን ላነጋግርዎ። ዛሬ አመሻሹ ላይ ከመጠለያው ጓሮ አንዲት ከቆቦ የመጣች ልጅ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ተቀምጣ አገኘሁ። አጠገቧ ተቀመጥሁ። እኔ ፈራሁ፤ እርስዎ እንዴት እንዳልፈሩ እስካሁን አይገባኝም። ቢሆንም ጠየቅኋት። አዎ አለችኝ። አሁን እኛ ቤት ናት፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣለች። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን። ከዚያ ወዲያ ወልድያ ያለው ባለሙያ ይኑር ይሽሽ፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከትናንት ዛሬ ቀርቧል። ካልተገኘ ግን እንደ እርስዎ በየሰፈሩ አንኳኳለሁ።

ደህና ይሁኑ ሲስተር። ማንም ተጣድፎ ከማይቀብርበት፣ መድኃኒት ከማያልቅበት አገር አላህ ያሳርፍዎ። እኔ እዚህ ነኝ፤ አለሁ።