ሰባት ችካል ለአንድ ሽቦ

ልጄ ያን ቀን ከከተማ ስትመለስ ፀጉሯ ውስጥ የመስታወት ስባሪ ነበር። የተሳፈረችበት ሚኒባስ አስኮን አልፎ ቡራዩ ሊገባ ሲል ድንጋይ ዘነበበት። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ግንባራቸው ተፈንክቶ ደማቸው ቀሚሷ ላይ ፈሷል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ደሙን ነው። የእሷ መስሎኝ እየጮኽኩ ቀሚሷን ለማውለቅ ስታገል፣ "እማ፣ የኔ አይደለም! የሰው ነው!" ብላ ሁለት እጄን ያዘችኝ። የሰው ነው ስትለኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በኋላ በዚህ አፍሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም።

በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ነጭ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አልብሼ፣ ስባሪውን በማበጠሪያ ለቀምኩላት። እንደጨረስኩ፣ "ነገም መሄድ አለብኝ" አለችኝ።

"የትም አትሄጂም።"

"እማ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ ነው። መምህሬ የሚያርምልኝ በኢሜይል ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ እዚህ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶችም በራቸውን ቆልፈዋል። ምን ላድርግ? በአህያ ጭኜ ልላክለት?"

ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። አባቷ ካረፈ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ አሳድጌያታለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እሷ ለመመረቅ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀራት። ግን ጊዜው ክፉ ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በዙሪያዋ ያለውን የገበሬ መሬት ሊውጥ ነው ተብሎ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ተነስቶ ነበር። ጠዋት አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ከሰዓት በኋላ ጥይት ይተኮሳል። የጎረቤት ሰው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በቃሬዛ ሲመለስ አይቻለሁ። ልጄ በወጣች ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኝ ነበር፤ እስክትመለስ አንድ ኮሌታ በትክክል አልሰፋም።

ሳስብ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ልጄ የምትወጣው ለኢንተርኔት ከሆነ፣ ኢንተርኔቱ ራሱ ወደ ቤት ይምጣ። በሽቦ የሚገባው የቤት ኢንተርኔት አልተዘጋም ሲባል ሰምቻለሁ። እሱ ከገባ በሬን እቆልፋለሁ፣ እሷም ከውስጥ ሆና ትመረቃለች።

ወደ ስልክ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ወደ ገፈርሳ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አልኩት። ፈገግ አለ።

"እናት፣ እርስዎማ ከጣቢያው በጣም ርቀዋል። ይሄ ነገር የሚመጣው በመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር እየደከመ ይሄድና እርስዎ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሞታል።"

"ልጄም መንገድ ላይ ልትሞትብኝ ነው" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና አንድ ቴክኒሻን ይዞ ተመለሰ፤ ቀጠን ያለ፣ ወገቡ ላይ ፒንሳና መፍቻ ያንጠለጠለ ሰው። እሱ ሰፈሩን ያውቀዋል። አስፋልቱ ዳር አዲስ የማከፋፈያ ሳጥን እንደቆመ፣ ከዚያ እስከ ቤቴ ያለው ሩቅ እንዳልሆነ ነገረኝ። የጎደለው ምሰሶ ነው። ሰባት ያህል ምሰሶ በገበሬው ማሳ ጠርዝ ማቆም ያስፈልጋል።

"ባለመሬቱን ያስማሙልን። እኛ መጥተን ለካ ለካ አድርገን እንወጣለን። ብዙ መቆም አንችልም፤ ጊዜውን እያዩት ነው" አለኝ።

ባለመሬቱ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚላቸው በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ። መሬቱ ከአያታቸው የወረሱት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ስሆን እሳቸው ግን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በሬዎቻቸውን ውኃ ሲያጠጡ ደረስኩባቸው።

"ምን ሊያልፍ ነው ያልሽኝ?"

"ሽቦ ነው ኦቦ። ሽቦ ብቻ።"

"በምድር ነው በሰማይ?"

"በሰማይ ነው። እንጨቶቹ ብቻ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ።"

"በሬዬን ካላነቀ ይለፍ። ልጅቷ ስትመረቅ ግን የመጀመሪያው የጠላ ጣሳ የኔ ነው።"

"ጋኑን ከነክዳኑ አመጣልዎታለሁ!"

ሳቁብኝ። በሁለተኛው ቀን እህታቸው ሱሉልታ አረፉና ለለቅሶ ሄዱ። ስለ ሽቦው ለልጃቸው ነግረውት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የበር ቁልፍ ሦስት ጊዜ የማረጋግጥ ሴት፣ ይህን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ቴክኒሻኑ ደውሎ ነገ እንመጣለን ሲለኝ ልቤ አላርፍ አለ። ማሳው ላይ ረጅም ጊዜ ቆመው ሰው ቢያያቸውስ? እኔ ጨርቅ ላይ ሳላሰምር መቀስ አላነሳም። ቀድሞ የተሰመረ ነገር ቶሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ሰባት የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጬ ጫፋቸውን አሾልኩ። ሣሩ እንዳይሸፍናቸው ለቤቴ በር ገዝቼው በተረፈኝ ቀለም ራሳቸውን ቀባሁ። ቀለሙ ቀይ ነበር። ማለዳ ጉም ሳይነሳ ከሳጥኑ እስከ ደጄ በእርምጃ እየቆጠርኩ፣ በስፌት ክር ቀጥ እያደረግኩ ተከልኳቸው። ከደጄ ሆኜ ሳያቸው እንደ ጥሩ ስፌት አንድ መስመር ሠርተዋል። ደስ አለኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ኮራሁ።

የስልክ ቢሮው መኪና ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፤ ቴክኒሻኑና ሾፌሩ ብቻ ነበሩ። ቴክኒሻኑ ሜትሩን ይዞ እንደወረደ ችካሎቹን አየና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይሄንን ማን ተከለው?"

"እኔ ነኝ። ሥራ ላቃልላችሁ ብዬ።"

"እናት... ቀይ ቀብተው? በዚህ ሰሞን?"

አልገባኝም ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሊነቅል ሲታገል ከባሕር ዛፉ ውስጥ ፉጨት ተሰማ። ከዚያ ሌላ ፉጨት። ከዚያ፣ "ቀያሽ መጣ! ችካል ተክለዋል!" የሚል ጩኸት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ከሦስት በኩል። የማውቃቸው ሰዎች ዱላና ድንጋይ ይዘው ማሳውን ሲያቋርጡ አየሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ የመኪናዋን መስኮት ሰበረ። ሁለተኛው ሾፌሩን ትከሻው ላይ መታው፤ መኪናውን ጥሎ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ሦስተኛው የቴክኒሻኑን አናት ፈነከተው። በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ፊቱን ደም አልብሶት ወደኔ ግቢ ገባ። እኔም ተከትዬው ገብቼ የቆርቆሮውን በር ቀረቀርኩት።

ልጄን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ከተትኳት። "ከዚህ ብትወጪ እርም ይሁንብሽ!" አልኳት። እሷ ግን ለቴክኒሻኑ አንድ ክንድ የዩኒፎርም ጨርቅ ቀድዳ ሰጥታው ነበር፤ ሰውዬው ራሱን በሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ፣ "ልጆች አሉኝ፣ ልጆች አሉኝ" ይላል። ውጭ መኪናዋ መቃጠል ጀመረች። የጎማው ጭስ በመስኮት ገባ።

"የለካውን አውጪ!" በሩ በድንጋይ ተደበደበ።

"ኢንተርኔት ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "መሬት አይደለም! ኢንተርኔት ነው፣ ሽቦ ነው!"

ሳቁብኝ። አንዱ፣ "ኢንተርኔት ለአገሩ ሁሉ ተዘግቷል! ላንቺ ብቻ ማን ከፈተልሽ? የማን ጆሮ ነሽ?" አለኝ። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት የሚገባለት ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ፣ የሦስት ልጆቿን ዩኒፎርም የሰፋሁላት፣ በድምጿ አወቅኳት፤ "ልጆቻችንን ስትለኪ ከረምሽ፣ አሁን ደግሞ መሬታችንን!" ብላ ጮኸች። ከድንጋዩ ሁሉ ይኼ መታኝ።

የበሩ የላይኛው ማጠፊያ ተገነጠለ። በጀርባዬ ልደግፈው ስዞር ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። ያዝኳት። ክንዷን ከእጄ መንጭቃ በተከፈተው በኩል ወጣች።

እሷ እዚሁ ነው ያደገችው። ኦሮምኛውን ከእኔ በላይ ትችላለች። የተናገረችው በኦሮምኛ ነው፤ ሁሉም ግን ገባኝ። "ችካሉን የተከለችው እናቴ ናት። ቀያሽ የለም። እኔ ቤት ሆኜ እንድማር ብላ ነው።" ከፊት የነበረው የኦቦ ትልቁ ልጅ ነው፤ ሚስት ያገባ፣ የሠላሳ ዓመት ሰው። እጁ ላይ ድንጋይ አለ።

"ማን ፈቀደላት?"

"አባትህ።"

"አባቴ ችካል ፈቀደ?"

"ሽቦ ነው የፈቀዱት። ደውልላቸው።"

ድንጋዩን ዝቅ አደረገ። ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁ። ያን ጊዜ አንድ ድንጋይ ከኋላ፣ ከሰው ራስ በላይ መጣ። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አላውቅም። የልጄ መንጋጋ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። ቁጭ አለች፣ ከአፏ ደምና ጥርስ ወጣ። ላነሳት ስጎነበስ ጥይት ተንጣጣ። ጭሱን አይተው የመጡ ወታደሮች ከአስፋልቱ ሲተኩሱ ሰዉ ወደ ባሕር ዛፉ ተበተነ። የኦቦ ልጅ ሲሮጥ ጭኑን ተመትቶ እኔ በተከልኩት ችካል አጠገብ ወደቀ። ስልኩ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

ልጄን፣ የኦቦን ልጅና ቴክኒሻኑን አንድ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ልጄ መንጋጋዋ በሽቦ ታሰረ፤ ሐኪሙ ለብዙ ሳምንት አትናገርም አለኝ። በማግስቱ ኦቦ ከሱሉልታ የለቅሶ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። ልጃቸውን አይተው ወጥተው ኮሪደሩ ውስጥ እኔ ካለሁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እግሩን አልቆረጡትም፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም ተብለዋል።

"ችካሉን የተከሉት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው ይላሉ" አሉኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። የሚያውቀው ልጄ የተናገረችውን የሰማ ሰው ነው፤ እሱም ግማሹ አላመነም። ልጄ ግን አፏን የሰጠችው ይህንኑ ለመናገር ነው።

"እኔ ነኝ ኦቦ። ቀይም የቀባሁት እኔ ነኝ።"

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ፣ "እህቴ በምን ሞተች ብለሽ ነው?" አሉኝ። "መጀመሪያ ችካል ተከሉባት፣ ቀይ። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። ከዚያ ግሬደር አምጥተው በቆመ ጤፏ ላይ ነዱት። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ሽቦ አልሽኝ፣ ሽቦ ፈቀድኩልሽ። ችካል ብትዪኝ ኖሮ እዚያው በሬዎቹ አጠገብ እምቢ እልሽ ነበር፣ ልጄም ልጅሽም ቤታቸው ይውሉ ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ሂጂና ንቀያቸው። አንቺ ራስሽ። በቀን፣ ሰው እያየሽ።"

ነቀልኳቸው። ወታደሮቹ አስፋልቱ ላይ፣ ጎረቤቶቼ አጥራቸው ጋ ቆመው ያዩኛል። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አላገዘኝም። የኦቦ ልጅ ከወደቀበት አጠገብ ያለው ችካል እምቢ አለኝ፤ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ሁሉንም በአንድ ላይ አስሬ ኦቦ ደጅ አስቀመጥኩ፤ ሚስታቸው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። የሽቦውን ማመልከቻ ሄጄ ሰረዝኩ።

ልጄ ከክሊኒክ በወጣች በሳምንቱ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በትላልቅ ፊደል ነው የጻፈችው፤ በፍጥነት ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች። "ከተማ አክስቴ ጋ ሆኜ እጨርሳለሁ። ከዚያ ኢንተርኔት ቤቱ በእግር ይደረሳል።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መንገዱ አሁንም ያው መንገድ ነው፤ በዚያው ጠዋት ከሰበታ በኩል ተኩስ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቤት ቆዪ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን በየትኛው ቤት? በሩ ማጠፊያው ተገንጥሎ በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል።

ልብሷን እኔው አጣጠፍኩላት። አስፋልቱ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ፣ "አስኮ! አስኮ! መንገዱ ክፍት ነው፣ ግቡ!" ይላል። እውነት ክፍት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። በሦስተኛው፣ "እናት፣ እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁ?" አለኝ። ልጄ በታሰረ አፏ ልትስቅ ሞከረችና አመማት፤ ጉንጯን በእጇ ይዛ ገባች። ሚኒባሱ ሄደ። አክስቷ ደውላ ደርሳለች እስክትለኝ ድረስ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር።