የተሸነፈ አያመሰግንም

ጅጅጋ ውስጥ በአማርኛ ልብ ወለድ የሚጽፍ አስተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት አስተማሪዎች ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተሰብስበን የጻፍነውን እናነባለን። እናነባለን ስል፣ አነባለሁ ማለቴ ነው። እነሱ ሳምቡሳቸውን በወተት ሻይ እያወራረዱ ያደምጡኛል።

የ2010ሩ ለውጥ በመጣ በቀጣዩ ዓመት ከደሴ አንዲት ወጣት የፊዚክስ አስተማሪ ተመድባ መጣች። በሦስተኛው ቅዳሜ "እኔም ትንሽ ሞካክሬያለሁ" ብላ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ታሪኩ ስለ ሁለት ፕላኔቶች ፍጡራን ነው። አንደኞቹ ሌሎቹን አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ያሸንፏቸዋል። በሬዲዮ፣ በሰሚዎቹ በራሳቸው ቋንቋ፣ በለሰለሰ ድምፅ "ጎበዞች ናችሁ እኮ፤ ግን ለምን ትደክማላችሁ?" ይሏቸዋል። ሰሚዎቹ መጀመሪያ መሣሪያቸውን ይጥላሉ፣ ቀጥሎ ማረስ፣ ቀጥሎ መዝፈን ይተዋሉ። በመጨረሻ ለአሸናፊዎቹ የምስጋና ደብዳቤ ይልካሉ።

ሳምቡሳውን የነካ፣ ሻዩን ያነሳ አልነበረም። እኔ ሳነብ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ቀናሁ።

"ደም ካልፈሰሰ ምን ነውር አለው?" አለ የሶማሊኛ አስተማሪው ወዳጃችን። "ካራማራን እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ወላሂ ይሄ ይሻላል።"

ጠረጴዛውን መታሁት። "ነውር ነው እንጂ! በጥይት የመታኸው ሰው ገዳዩን ያውቃል። የገዛ ልቡን አስክደህ የገደልከው ማንን ይክሰስ?" አጨበጨቡልኝ። ሞቅ ሲለኝ ወደ እሷ ዞርኩና "ደብዳቤውን ግን ሰርዢው፤ አይታመንም። የተሸነፈ አያመሰግንም" አልኳት። እርሳሷን አንስታ ጻፈችው።

ከዚያ ወዲያ ያገኘኝ ሁሉ "የልጅቷ ቀጣይ ታሪክ መቼ ነው?" ይለኛል። የእኔን ማን ይጠይቅ! እርር ድብን አልኩ። ክፉ ቃል ግን አልወጣኝም፤ ጨዋ ነኛ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "ጎበዝ ነሽ እኮ፤ ግን ለምን ትደክሚያለሽ? እዚህ አገር ይሄን ማን ያነበዋል?" እላታለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ "የሚያደንቁሽ ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ እኔ ስለማስብልሽ ነው የምነግርሽ።" እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ በጨዋታ መሃል። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት ያኔ አልታወቀኝም። ኧረ ታውቆኛል፣ ምን ልዋሽ።

በወሩ ደብተሩን ይዛ መምጣት ተወች። ቆይቶ እሷም ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ደስም አለኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ከድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ ተዛወረች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን የድሬዳዋው ሚኒባስ ላይ ካስጫነች በኋላ ደብተሩን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። እኔ ከእንግዲህ አልጽፍም።"

"ምነው?" አልኳት።

"ሌላው ሲያሞግሰኝ እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ፣ በከንቱ ከመድከም አዳኑኝ።"

ሚኒባሱ ከወጣ በኋላ እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የምስጋና ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። ጠርዙ ላይ በእሷ ጽሕፈት "ጋሼ እንዳሉት፦ የተሸነፈ አያመሰግንም" ይላል።