ከሪማ የከሳችበት ዓመት

ከሪማ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ወፍራም ሴት ናት፤ ጉልበቷ ስለሚያብጥ ወደ ገበያ የሚወስደውን ዳገት ሦስቴ ሳታርፍ አትወጣውም። በ1998 ዓ.ም. ስኳር እንዳለባት ተነገራትና ክብደት እንድትቀንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ ዶክተር ካሌብ የሚባል ወጣት ሐኪም አስቀምጦ አስረዳት።

«ሁለት የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶችን እያወዳደርን ነው። አንዱ የተፈቀደ ነው፤ በብዙ አገር ይወሰዳል። ሌላው ገና በሙከራ ላይ ነው። የትኛው እንደደረሰዎት ጥናቱ እስኪያልቅ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

«እርስዎ ካላወቁ እኔ ምን ብዬ ልዋጠው?» አለች። ቢሆንም ፈረመች።

ባሏ ጁሃር ልብስ እየጫነ ወገዳና አርብ ገበያ በሚባሉ ከተሞች የሚዞር ነጋዴ ነው። ስትነግረው፣ «ጉልበትሽን ከተሻለሽ ዋጪው» አላት።

በአምስት ወር አሥራ ስድስት ኪሎ ቀነሰች። ዳገቱን ሳታርፍ የወጣች ዕለት ብቻዋን ሳቀች። ሰው ግን አልሳቀላትም። ያኔ ድንገት የከሳ ሰው የሚጠረጠረው በአንድ በሽታ ነው፤ ስሙን ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። ሾፌሮቹ በእሷ ብርጭቆ ሻይ መጠጣት ትተው የታሸገ ለስላሳ ማዘዝ ጀመሩ። ቆይተውም ቀሩ።

ጎረቤቷ አስካለ አንድ ቀን ተጠግታ፣ «ለእኔ እንኳ አትደብቂኝ። አሁን እኮ መድኃኒቱ መጥቷል» አለቻት።

«ማቅጠኛ ነው የምወስደው፣ አስካለ።»

«በዚህ አገር ወዶ የሚከሳ አለ እንዴ?»



ከሁሉ የባሰው የመጣው ከቤቷ ነው። የጁሃርን ኮት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ደብረ ታቦር ሄዶ ደሙን ተመርምሯል። ውጤቱ ነጻ ይላል።

«መድኃኒቱን ዋጪው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ሰው ሲያወራ ጊዜ...» ብሎ አቀረቀረ።

በማግስቱ መድኃኒቱን አቆመች። ክረምቱ ሳይወጣ ገላዋ ተመለሰ፤ ሾፌሮቹም ተመለሱ። አስካለ፣ «ተመስገን፣ ፊትሽ ሞላ!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ጉልበቷ ግን እንደገና ያብጥ ጀመር።

የተረፈውን ኪኒን ልትመልስ ስትሄድ ዶክተር ካሌብ ጥናቱ መቋረጡን ነገራት። «ለእርስዎ የደረሰዎት አዲሱ ነበር። ከተፈቀደው የበለጠ ክብደት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንዳንድ ሰዎችን ልብ ጎዳ።» ደረቷን መርምሮ፣ «የእርስዎ ደህና ነው» አላት።

ቤት ስትደርስ ጁሃርን ጭነት ሲያስር አገኘችው።

«ምን አሉሽ?»

«ልብሽ ደህና ነው አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ።

ሌላ ነገር ይላት እንደሆነ ጥቂት ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።