ጥቁር ቁጥቋጦ፣ ቀይ ቁጥቋጦ

ታክ ጆምኔ የዳልቴ መንደርን ስልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእጇ ስታገናኝ ኖራለች። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመቶ አርባ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት፣ ማዳመጫዋን አናቷ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች። አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር እሷ ፊት ካሉት ትናንሽ ክዳኖች አንዷ ዱብ ትላለች። ጆምኔም ገመዷን ሰክታ «ማንን ልስጥዎት?» ትላለች።

ቁጥር የሚነግራት ሰው አልነበረም። ለምን ይነግራታል?

«ያቺን እህቴን» ይሏታል።

«ታናሺቱን ነው ታላቂቱን?»

«የተጣላሁትን።»

«እሺ፣ ዛሬ ግን አይጩኹባት፤ ጥርሷን አሟታል።»

እንዲህ ነበር ሥራው። ለቦታው የበቃችው በትምህርት አልነበረም፤ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከሸለቆው ማዶ ወንድሟን ስትጣራ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሰማትና «የዚህች ልጅ ድምፅ ያለ ሽቦም ይሰማል» ብሎ ቀጠራት። ባል አላገባችም። «የአገሩን ገመና ሁሉ የሰማችን ሴት ማን ደፍሮ ያገባል?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። መጀመሪያ ይከፋት ነበር፤ በኋላ ተወችው።

ከደንበኞቿ ሁሉ አንዷን ከአነጋገሯ ሳይሆን ከትንፋሿ ታውቃት ነበር። እማማ ጋንናን ትባላለች፤ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ከባሏ ጋር ብቻ ትኖራለች። ባሏ አባባ ቹንቦክ ሃያ ስድስት ዓመት ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ቆፍሮ የወጣ ሰው ነው፤ ከሰሉ ግን ከሳንባው አልወጣም። አንዳንድ ቀን ትንፋሹ ይያዛል። ዶክተር ኦክ መርፌውን ይዞ ፈጥኖ ካልደረሰ አለቀ ማለት ነው። ሳውዲ በረሃ መንገድ የሚሠራው ልጃቸው ስልኩን ያስገባላቸው ለዚሁ ነበር። ባለፈው ክረምት ሦስት ጊዜ ክዳኗ ዱብ ብላለች፤ ሦስቱንም ጊዜ እማማ ጋንናን የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። «መጣበት!» ቀሪው የጆምኔ ሥራ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. የክረምት በረዶ ጊዜ ሴኡል ውስጥ አንድ ስልክ የአንድ ቤት ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ሰው ተመዝግቦ ዓመታት ይጠብቃል። መንግሥት ይህን አሳፋሪ ነገር ላጥፋ አለ። የውጭ አገር ኩባንያዎች ማሽናቸውን ሊሸጡልን ተሰልፈው ሳለ የእኛዎቹ መሐንዲሶች «ራሳችን እንሠራዋለን» አሉ። ሠሩትም። ቀጥሎ ትእዛዝ ወረደ፤ በአገሩ ውስጥ በእጅ የሚገናኝ ስልክ አንድም አይቀርም ተባለ። ማሽኑ በሰማንያ ስድስት መከር ላይ በሁለት ጭነት መኪና ዳልቴ ገባ።

ይዞት የመጣው ኢንጂነር ፒዮ የሚባል ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነበር። ጆምኔ ሻይ ቀድታለት ጠየቀችው።

«አንዲት መስመር ብቻ ብታስቀርልኝስ? የዳገቷን።»

«እትዬ፣ ቀልድ አይደለም እኮ ይሄ። አለቆቻችን ማሽኑ ካልሠራ የመጣው ቅጣት ይምጣብን ብለው ፈርመዋል። እኔ እዚህ ሽቦ ላንጠለጥል?»

«ሴትየዋ ቁጥር አታውቅም።»

«ቁጥር የማያውቅ ሰው አለ?»

«አለ። አንተ ዘንድ ነው የሌለው።»

ልጁ አፈረ። ሊያደርግላት የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው እንዳይደናገር የድሮው የመስመር ቁጥር በአዲሱ መጨረሻ ላይ እንዲቀር ፈቀደ። የክሊኒኩ መስመር አሥራ አራት ነበርና 523014 ሆነ። የወፍጮ ቤቱ አሥራ ሰባት ስለነበር 523017 ሆነ። ጆምኔን ደግሞ ማሽኑ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ወንጁ ከተማ ሄዳ ቁጥር ለሚጠይቁ ሰዎች ቁጥር እንድትናገር መደቧት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጥር ሳትጠራ ኖራ አሁን ሌላ ነገር ላትናገር ነው።

ባለ ቁልፉ አዲሱ ስልክ ዳገቱ ላይ በገባ ዕለት ጆምኔ ልታስተምር ወጣች። እማማ ጋንናን ስልኩን እንደ እባብ አየችው።

«አንቺ እያለሽ ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ እኮ ልሄድ ነው እማማ።»

«ሂጂያ። ሲመጣበት ግን ተመለሺ።»

ሁለት ሰዓት ደከሙ። አሮጊቷ ስድስትን ከዘጠኝ መለየት አቃታት፤ ሦስት ላይ ስትደርስ አንድን ትረሳለች። በመጨረሻ ተናደደችና ከፍራሹ ሥር የአበባ ካርታዋን አወጣች። «ይልቅ አንድ ዙር እንጫወት፣ ራሴን አዞርሽው።»

ጆምኔ ካርታዎቹን አይታ ቀጥ አለች። ለካስ ይህች ሴት ቁጥር ታውቃለች! ካርታው በወር በወር ነው፤ ጥዱ የመጀመሪያው ወር፣ የፕሪም አበባው ሁለተኛው፣ የቼሪ አበባው ሦስተኛው። እማማ ጋንናን ደግሞ በዚህ ካርታ የመንደሩን ባልቴት ሁሉ ስታራቁት የኖረች ናት። ጆምኔ ያረጀ ካርታ ፈልጋ የክሊኒኩን ቁጥር በስድስት ካርታ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ለዜሮ አሥረኛውን ወር፣ አጋዘን ያለበትን አደረገች። መጨረሻ ላይ የአራተኛው ወር ጥቁሩ ቁጥቋጦ መጣ። ካርታው ለቁልፎቹ ስለሚሰፋ ግን ትናንሽ ወረቀት ቆርጣ ሥዕሎቹን በራሷ እስክሪብቶ ሣለችና በሙጫ ለጠፈቻቸው።

«ግድግዳውን ታያለሽ፣ ያንኑ ትጫኛለሽ። ክሊኒኩ ያነሳል፤ 'መጣበት' ትያለሽ። በቃ።»

«እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም?» አለች አሮጊቷ ደረቷን ነፍታ።

ማሽኑ ሥራ የጀመረው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከክፍሉ ኋላ አምስት ሰዎች መቁረጫ ይዘው ቆሙ። ጆምኔ ከነማዳመጫዋ እንደተቀመጠች ነበረች፤ ተነሺ ያላትም የለም። ኢንጂነር ፒዮ ሰዓቱን አየና «ቁረጥ!» ብሎ ጮኸ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ከዚያ ዝም።

ጆምኔ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ማዳመጫው ውስጥ ሌሊት እንኳ አንድ ነገር ይንሾካሾክ ነበር፤ ነፋስ፣ የሩቅ ሰው ሳል፣ የሽቦ ዝማሬ። አሁን አንድ ነገር የለም። የደነቆረች መስሏት በጣቷ ጆሮዋን ነካች። ግድግዳው ማዶ ሰው ሲያጨበጭብ ሲሰማት ነው መስማቷን ያመነችው። ኢንጂነር ፒዮ ያለቅስ ነበር። የወረዳው ሹም ቁልፍ ተጭኖ ማንንም ሳይለምን ከሴኡል ጋር ተነጋገረ። ግማሹ ሕዝብ ግን ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲያነሳ «ጆምኔ፣ ደህና ዋልሽ?» እያለ ዝዝዝ ለሚለው ድምፅ ሰላምታ ያቀርብ ነበር።

ጆምኔ የምሳ ሳህኗን ይዛ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሩዙን አልበላችውም። በመንገዱ ላይ ዶክተር ኦክ ብስክሌቱን እየጋለበ አለፈ። ወደ ዱሺክ ወፍጮ ቤት መሆኑ ነው፤ ምሳውን በልቶ እዚያ የጠጠር ጨዋታ ሳይጫወት የዋለበት ቀን የለም። አየችው፤ አለፈ። ሩዙ ከቀዘቀዘ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማንኪያዋን አነሳች።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

ክሊኒኩ ባዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ባለፈው ክረምት ሦስቱንም ጊዜ አሮጊቷ «መጣበት» ስትላት ገመዱን የሰካችው ክሊኒኩ ላይ አልነበረም፤ ወፍጮ ቤቱ ላይ ነበር። እጇ ራሱ ያውቀው ስለነበር እንደ እውቀት ቆጥራው አታውቅም። ለማንም አልተናገረችውም፤ ለራሷም ቢሆን። ለእማማ ጋንናን ግድግዳ ላይ የባዶ ቤት ቁጥር ለጥፋላት ነው የወረደችው!

አዲሱን ስልክ አነሳችና የዳገቱን ቁጥር ተጫነች። ቱ፣ ቱ፣ ቱ። ተይዟል። ያቺ ሴት ሰላም ልበል ብላ ለማንም ደውላ አታውቅም፤ ስልኳ ከተያዘ መጥቶበታል ማለት ነው። ወደ ወፍጮ ቤቱ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ክሊኒኩንም ሞከረች። እሱም ጠራ፣ ጠራ።

«ምን ሆንሽ እትዬ?» አለ ኢንጂነሩ ዓይኑን እየጠረገ።

«ማሽንህ ደህና ነው» አለችና ወጣች።

ዳገቱን ከነማዳመጫዋ እንደሮጠች መንገድ ላይ ነው ያወቀችው፤ ከመሰኪያው የተነቀለው ሽቦ ከኋላዋ ይወዛወዝ ነበር። ዋይታ እሰማለሁ ብላ ጆሮዋን አቆመች። የሰማችው ግን የመኪና ሞተር ነው።

ግቢው ውስጥ የወፍጮ ቤቱ ፒክአፕ ቆሟል። ዱሺክ ፀጉሩ ገለባ ለብሶ በሩ ላይ ተቀምጧል። በጣቶቹ መካከል አንድ ጥቁር የጨዋታ ጠጠር ይዟል፤ ለማስቀመጥ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

«ሞተ?» አለችው።

«ኧረ ይተነፍሳል፤ ዶክተሩ ወግቶታል። ልሸነፍ ከነበረው ጨዋታ ግን አንቺው አዳንሽኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ አይደለሽ ያገናኘሽን?»

«ዱሺክ፣ እኔን እኮ ቆርጠውኛል። ይኸው!» ሽቦዋን ጎትታ አሳየችው። ዱሺክ ሽቦውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጠጠሩ ከእጁ ወደቀ።

«ታዲያ ወፍጮ ቤት ማን ደወለ?»

ገቡ። አባባ ቹንቦክ ትራሱን ተደግፎ ቀስ ብሎ አየር ይጠጣል። ዶክተር ኦክ እጁን ይዞታል። የስልኩ መነጋገሪያ ከግድግዳው ተንጠልጥሎ ቱ ቱ ይላል፤ እማማ ጋንናን መልሳ እንድታስቀምጠው ማንም አልነገራትም።

«እማማ፣ ምንድን ነው የተጫንሽው?»

«ያልሽኝን ነዋ! ቁጥቋጦ አልሽኝ፣ ቁጥቋጦ ተጫንኩ። ሁለት ቁጥቋጦ ሥለሽ የምታሾፊብኝ ግን አንቺ ነሽ። የታችኛውን መታሁት።»

ጆምኔ ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን አየች።

የአራተኛው ወር ቁጥቋጦ ጥቁር ነው፤ የሰባተኛው ቀይ። ቀለማቸው ባይለይ አንድ ናቸው፤ ይህን በአገሩ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እሷ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጥቁር እስክሪብቶ ነው የሣለቻቸው፤ የአራትን ከላይ፣ የሰባትን ከሥሩ። በአሥራ አራት ፈንታ አሥራ ሰባት። በክሊኒኩ ፈንታ ወፍጮ ቤቱ። አሮጊቷ ትክክለኛውን ብትጫን ኖሮ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ሲጮህ ሰውየው ይሞት ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራው የኖረችውን፣ ተሳስታ የሣለችው ሥዕል በመጀመሪያው ቀን ሠራው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ከደስታው ሥር የሆነ ነገር ባዶ ሆኖ ቀረ።

ዶክተር ኦክ ነገሩ ሲገባው ጆሮው ቀላ። «ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ እቀመጣለሁ» ብሎ ማለ።

«አይማሉ ዶክተር» አለች ጆምኔ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አውቅዎታለሁ።» ዱሺክ ሳቁን ዋጠ።

በማግስቱ፣ ወደ ወንጁ ከመሄዷ በፊት፣ የጆምኔ የመጨረሻ ሥራ ይህ ሆነ። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ መጥታ የሰባትን ቁጥቋጦ አቀላችው። ግድግዳው ላይ ካለው የካርታ ረድፍ ሥር ሌላ ረድፍ ለጠፈች፤ መጨረሻው ቀዩ ቁጥቋጦ ነው። ከላይኛው አጠገብ ፀሐይ ከተራራው ስትወጣ ሣለች፤ ከታችኛው አጠገብ ስትገባ።

«ከምሳ በፊት ይህን፤ ከምሳ በኋላ ይህን። እሺ እማማ?»

እማማ ጋንናን ሁለቱን ረድፎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ ጆምኔን አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዓመት እዚያ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ይኼው ብቻ ነበር?»

ጆምኔ እስክሪብቶውን ከደነችው።

«ይኼው ብቻ ነበር» አለች።