የእታለም የበዓል ሜዳ

ለገና ወደ አገራችን መሄድ ያልቻልን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ተሰባስበን ዩኒቨርሲቲያችን ባለበት ከተማ ወዳለ አንድ መዝናኛ ፓርክ ሄድን። ሰውን ሰማይ ድረስ የሚያወጣ ትልቅ የብረት መሽከርከሪያ ነበረው። ጓደኞቼ ሊሳፈሩ ሲሉ ቦርሳቸውንና ጃኬታቸውን እያወለቁ ጭኔ ላይ ከመሩት። «አንቺ ትፈሪያለሽ፣ ያዢልን» አለችኝ አብራኝ የምታድረው ልጅ፣ በክፋት አልነበረም። እኔም ሰው ማስቀየም ስለማልወድ እሺ ብዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ከላይ ሲስቁ እኔ ከታች የሰው ዕቃ ታቅፌ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ተናደድኩ። ሲወርዱ «ምን ሆነሽ ነው ያኮረፍሽው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ረጅም ስለነበር ዕቃቸውን አስረከብኳቸው።

መልሱን አሁን እጽፈዋለሁ። በተለይ የምጽፈው መካነ ሰላም ላደጋችሁ እኩዮቼ ነው። ስትገናኙ «የጋሼ ተሾመ መጫወቻ ትዝ ይላችኋል?» እየተባባላችሁ በናፍቆት ስታወሩ እሰማለሁ። እኔም ይናፍቀኛል። ነገር ግን መጫወቻው የጋሼ ተሾመ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ስለ ናፍቆት ብቻ መጻፍ አልችልም።

ልጅ እያለሁ፣ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ የአባቴ እህት ዘውድነሽ ከጅዳ ተመለሰች። እኛ የቤቱ ልጆች እታለም ነበር የምንላት። ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ክርስቲያን ሴቶች ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም አስጽፋ ስለነበር፣ ጎረቤቶቻችን «ከድጃ መጣች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሻንጣዋ ሲከፈት ቤቱን የሞላው የሽቶና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ስለ ወርቅና ስለ ሕንፃ ታወራልናለች ብለን ስንጠብቅ፣ እሷ የምታወራልን ስለ መላሂ ነበር። እዚያ አገር መጫወቻ ቦታን እንደዚያ ይሉታል።

«ዒድ በመጣ ቁጥር ከአሠሪዎቼ ጋር እሄዳለሁ» ትለን ነበር። «ልጆቹ ይሳፈራሉ፣ እናታቸው ትሳፈራለች። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ቦርሳና ጫማ እጠብቃለሁ። ከጎኔ የየአገሩ ሠራተኞች አሉ፤ ሁላችንም ዕቃ ታቅፈን በተርታ።»

«አንቺ አንድ ቀን እንኳን አልተሳፈርሽም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቦርሳውን ማን ይያዝ?»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነበር፣ እኔም ሳቅኩ። አሁን አያስቀኝም።

ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው መሬት የተገዛው እሷ በላከችው ነው። የተመዘገበው ግን በታላቅ ወንድሟ በጋሼ ተሾመ ስም ነበር፤ እሷ በሰው አገር ስለነበረችና እሱ ወንድም ስለሆነ። ይህን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ማንም ክፉ ነገር አላየበትም። ጋሼ ተሾመ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ነበር። እሷ «የበዓል ሜዳ እሠራበታለሁ» ስትል ወንድሞቿ ፀሐይ የመታት መሰላቸው። አባቴ አናጺ ስለሆነ ግን መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ እሷ በጣቷ አየር ላይ እየሣለች ታሳየዋለች፣ እሱ ይጠርባል። አንድ ክረምት ሙሉ ግቢያችን የባሕር ዛፍ ፍላጭ ይሸት ነበር።

ሜዳው የሚከፈተው በበዓል ብቻ ነበር፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም በዓል። እያንዳንዱ መጫወቻ የበዓል ስም ወጥቶለት ነበር። በሁለት ረጃጅም ግንዶች መካከል የተንጠለጠለው ዥዋዥዌ «መስቀል» ይባላል፤ ገመዱ ላይ አደይ አበባ ይታሰርበታል። በሳሙና የሚወለወለው የጣውላ መንሸራተቻ «ጥምቀት» ነው፤ መጨረሻው ላይ ውኃ ስላለ ደርቆ የሚወጣ ልጅ የለም፣ ሳይቆጡት የሚቀር ልጅም የለም። ወንዶቹ ጅራፍ የሚያስጮሁበት ጥግ «ቡሄ» ነበር። ከሁሉም የምንወደው ግን «ዒድ»ን ነው። እንደ አውድማ ክብ በሆነ ቦታ መሃል ምሰሶ ተተክሎ፣ ከምሰሶው ዙሪያውን አግዳሚ እንጨቶች ተዘርግተው፣ ጫፋቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ የተቀቡ መቀመጫዎች ነበሩት። የሚያዞረው ዳልቻ የተባለው የአባቴ በሬ ነበር። ዕድሜውን አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ የኖረ ስለሆነ መዞር አይታክተውም።

የመጀመሪያው ቀን ዒድ አል ፈጥር ነበር። እታለም በዓል ያለ ቄጤማ አይሆንም ብላ በሬው የሚዞርበትን መንገድ በሙሉ በእርጥብ ቄጤማ ጎዘጎዘችው። አዲስ ልብስ የለበሰው ሰው ተሳፈረ፣ አባቴ አለንጋውን አነሳ፣ ዳልቻ ጥቂት ከተራመደ በኋላ አንገቱን ደፍቶ መብላት ጀመረ። ቢጎትቱት እንቢ፣ ቢለምኑት እንቢ። ያ ሁሉ ሰው ከፍ ብሎ ተቀምጦ በሬ ሲበላ ይመለከት ጀመር።

«ዘውድዬ» አሉ ጎረቤታችን እማ ሐዋ ከመቀመጫቸው ላይ ሆነው፣ «ጠርተሽ ያመጣሽን የበሬ ምሳ ልታሳዪን ነው?»

«ለእሱም ዒድ ነው፣ እማ። ይጨርስ» አለች እታለም፣ እምባዋ እስኪፈስ እየሳቀች። እንግዲህ ጠበቅነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቄጤማው የሚጎዘጎዘው ከክቡ ውጭ ብቻ ሆነ።

እኔ ግን ከመሽከርከሪያው በላይ የማስታውሰው መግቢያውን ነው። በሩ ጎን ረጅም ግድግዳ ነበር፤ አባቴ ከወይራ የጠረባቸው የእንጨት መስቀያዎች በተርታ ተሰክተውበታል። የሚገባ ሰው ሁሉ ነጠላውን፣ ዘንቢሉን፣ ጃንጥላውን እዚያ ይሰቅላል። እታለም በሩ ላይ ቆማ «የተሸከማችሁትን ስቀሉ» ትል ነበር። ዕቃ ይዞ ዳር መቀመጥ አይፈቀድም። ከነጋዴና ከመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ጋር የሚመጡ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሕፃን አዝለው፣ ቦርሳ አንጠልጥለው ዳር ይቆማሉ። እታለም ቦርሳውን ወስዳ ትሰቅለዋለች፣ ሕፃኑን ለእመቤትየዋ ታስታቅፋታለች፣ ልጅቷን እጇን ይዛ «ዒድ» ላይ ታስቀምጣታለች። የተቀየሙ እመቤቶች ነበሩ። አንዷን «ለአንድ ዙር ልጅሽን ብታቅፊ አትሞቺም፣ እህቴ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እማ ሐዋ በዥዋዥዌው ወደ ላይ ሲወጡ «ያ ረቢ!» ብለው ይጮሁ ነበር። አንድ ቀን ከጎናቸው የተቀመጡት የቄሱ ባለቤትም ድንጋጤው ሲይዛቸው «ያ ረቢ!» ብለው ጮሁ። ሰንበቴ ላይ ሴቶቹ ይህን እያነሱ ለረጅም ጊዜ ሲስቁ ኖሩ። እንዲህ ያለ ቦታ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መንገዱ ሲሠራና ከወረኢሉ የሚመጣው አውቶቡስ ሲበዛ መሬቱ ዓይን ገባ። ጋሼ ተሾመ ፔንሲዮን ልሠራበት ነው አለ። እታለም እምቢ ስትል ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰበሰቡ። እኔ ከእናቴ ጎን ሆኜ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ዘውድነሽ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «መሬቱ የቤተሰብ ነው። ወንድምሽን ዳኛ ፊት ብታቆሚው ነገ ማን ይቀብርሻል?»

«እኔ ከቤተሰብ የወጣሁት መቼ ነው፣ አባቴ?»

«አልወጣሽም። ለዚህ እኮ ነው ተይው የምንልሽ። አብሽሪ።»

«እሷ እንግዳ ናት» አለ ጋሼ ተሾመ። «ወይ ታገባለች፣ ወይ ተመልሳ ትሄዳለች። የምቀረው እኔ ነኝ።»

እታለም ወደ አባቴ ዞረች። «አንተስ? ምሰሶውን የተከልከው አንተ ነህ።»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እጁ ላይ ወይራውን ሲጠርብ የቆረጠው ጠባሳ ገና አልጠፋም ነበር። «ታላቃችን ነው» አለ። እሷም ተነስታ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ ወጣች።

ሽምግልና የሚያኮራ ባህላችን ነው ተብለን ተምረናል፤ እኔም ፈተና ላይ እንዲሁ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ሰው ከሰው እንዳይጣላ ሲባል ሁልጊዜ «ተይ» የሚባለው የተበደለው ሰው ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ አስተማሪ የለም። አንድ ነገር የቤተሰብ ነው ሲባል፣ ሥራው የእህት፣ ስሙ የወንድም ማለት እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

የመስቀል ዋዜማ አዲስ ልብሳችንን ለብሰን ስንሮጥ ሄድን፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። ጋሼ ተሾመ የዥዋዥዌውን ግንዶችና የ«ዒድ»ን ምሰሶ ከነመቀመጫዎቹ አስቆርጦ ለሰፈሩ ደመራ በስጦታ ሰጥቷል። ሕዝቡ ለጋስነቱን አይቶ መረቀው። ደመራው ሲለኮስ ሰው ሁሉ ወዴት ይወድቅ ይሆን እያለ ይጠባበቅ ነበር። እታለም ከእኔ ጋር ቆማ ነበር፤ ከእሳቱ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ሲላጥ አየሁ። «የመቀመጫው ነው» አልኳት። «አውቄዋለሁ» አለችኝ። ከጥምቀት በፊት ወደ ጅዳ ተመለሰች። ያን ጊዜ ጋሼ ተሾመ «አላልኳችሁም? እንግዳ ናት» አለ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ወደ መካነ ሰላም ሄድኩ። ጋሼ ተሾመ ዘመድና እንግዳ ሰብስቦ ፔንሲዮኑ ውስጥ አስፈሰከ። መግቢያው ግድግዳ ላይ የ«ዒድ» ፎቶ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል፤ ዳልቻ፣ ሕፃናቱ፣ እማ ሐዋ ሁሉም አሉበት። እታለም የለችበትም፤ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ነው። የወይራ መስቀያዎቹ አሁንም አሉ፤ የእንግዶች ካፖርት ይሰቀልባቸዋል።

«በዚህ ቦታ በልጅነቱ ያላሳቅኩት የመካነ ሰላም ልጅ የለም» አለ ጋሼ ተሾመ፣ ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዶቹ ሥጋ እየቆረጠ። «ይቺ ተማሪያችን ትመስክር። የኔ መጫወቻ ላይ ነው ያደገችው። አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

እኔ ሰው ደስ እንዲለው የምናገር ልጅ ነኝ። አስተማሪዎቼም ዘመዶቼም የሚወዱኝ ለዚህ ነው። «አይደለም፣ ጋሼ» አልኩ። «የእታለም ነበር።»

«የቤተሰብ ነበር ማለቷ ነው» ብሎ ሳቀ።

«የእታለም ነበር» አልኩ እንደገና።

ማንም አልጎረሰም። በመጨረሻ አባቴ ከሳህኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «እሷ ናት ያሠራችኝ» አለ። ይህን ለማለት ደመራው ከነደደ በኋላ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀበት። ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽም፤ እሱንም ገና አልማርኩትም።

ያኔ በበዓል ቀን የአገሬ ልጅ ሁሉ እስላም ክርስቲያን ሳይባል አንድ በሬ ያዞረው ነበር። ዛሬ በበዓል ቀን ልጆቹ ከፔንሲዮኑ አጥር ሥር ተደርድረው ስልክ ያያሉ። ያኔ የተሸከመ ሰው የሚሰቅልበት ግድግዳ ነበረው። እኔ አሁን በምማርበት ከተማ እንኳን እንዲህ ያለ ግድግዳ አላየሁም።

በፋሲካው ማግስት እታለም ከጅዳ ደወለችልኝ። ከኋላዋ ሙዚቃና የሕፃናት ጩኸት ይሰማል።

«የት ነሽ?»

«መላሂ። ልጆቹን ይዤ መጥቼ ነው።»

ምን እንደታቀፈች አልጠየቅኳትም። ፔንሲዮኑ ውስጥ ያልኩትን ነገርኳት፣ አባቴ ያለውንም።

«በሰው ፊት?» አለች።

«በሰው ፊት።»

«ተሾመስ?»

«ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ።»

ያን ጊዜ ሳቋን ሰማሁት፤ ዳልቻ ቄጤማውን ሲበላ የሳቀችውን ሳቅ። «ቆይኝማ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። ይሄን ቦርሳ መሬት ላስቀምጠው።»