ባላለው አልከሰውም

ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል። ልብስ አጥቦና ተኩሶ የሚያስረክብ ላውንደሪ አላት፤ ስሙ የወጣላት ግን ከሥራዋ ይልቅ በምላሷ ነው። የነካችው ይጤሳል።

ያን ሰሞን ሰዉ ጥርስ የነከሰበት አንድ ምሁር ደንበኛ ነበራት። በሬዲዮ ስለ እምነት ሲጠየቅ ኮሌታ እየተኮሰች ሰምታዋለች። «ስለት ከፈጣሪ ጋር መነገድ ነው» ሲል ደሟ ፈላ። አንዲት ልጇን ያገኘችው በስለት ነው። «አፍህን ይዝጋው!» አለችው። ሬዲዮውን ግን አልዘጋችም፤ ደግሞ ምን ሊጨምር ይሆን ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድሟ ስልኩን እያወዛወዘ ገባ።

«ስሚ ይሄን ከሃዲ! ‹የሚጸልይ ሰው ሰነፍ ነው› ይላል።»

«የንግግሩን ጭራ ቆርጠውታል፣ ጋሼ። ‹ሰነፍ ነው የሚሉ ተሳስተዋል› ነው ያለው።»

«ጠበቃው ሆንሽ?»

«እኔ? ስለቴን ንግድ ያለብኝን? እጄ ቢገባ ከነኮቱ ነው የምተኩሰው! ግን ባላለው አልከሰውም።»

«ተማርኩ ባይ ሁሉ አንድ ነው። ይሄ የተሰቀለው ኮት የሱ አይደል? አውጥተሽ ጣይው!»

«ሰው አምኖኝ የሰጠኝን ልብስ አልጥልም።»

ወንድሟ በሩን ወርውሮት ወጣና እህቴ ከሃዲ ሆነች ብሎ አስወራ። ደንበኛዋ የነበረው ሆቴል አንሶላውን ሌላ ላውንደሪ ወሰደ። ከጎኗ ያለችው ልብስ ሰፊ ሰላምታ ነሳቻት። የገዛ ልጇ ሳትቀር «እማ፣ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለቻት።

ምሁሩ ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ወሬው ደርሶታል።

«እትዬ፣ በኔ የተነሳ ብዙ ነገር እንደደረሰብዎ ሰማሁ። አመሰግናለሁ።»

«ምስጋናህን እዚያው!» አለች፤ አንቱታውን ሆን ብላ ነፈገችው። «ልጄን በስለት ነው ያገኘኋት። ነጋዴ ነኝ?»

ምሁሩ ደነገጠ። «እርስዎን አስቤ አልነበረም።»

«እሱ ነው ያንገበገበኝ! ሬዲዮ ከፍተን የምንሰማህ እኛ ነን፤ ማንን አስበህ ነው የምታወራው?»

 ኮቱን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አይመለስም ብላ ነበር፤ በሌላ ቀን የቆሸሹ ሸሚዞች ይዞ መጣ። ያን ዕለት ስለ ስለት እስኪደክማቸው ተጨቃጨቁ፤ አንዳቸውም አልተረቱም።

ወንድሟ ዛሬም በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሆቴሉም አልተመለሰም። የምሁሩን ሸሚዝ ግን ታጥባለች፤ ስትሰጠውም ሳትሰድበው አትሸኘውም።