የአባቴ ድንቢጦች አይቆጠሩም

አባቴ ዛሬ ድንቢጥ ሊቆጥር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሱቃችን አባረሩ።

ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የነገሌን የቤት ድንቢጦች እየቆጠረ ነው። የእኛ ሱቅ ጣሪያ ደግሞ በጎጆአቸው ተሞልቷል።

«ሐጂ፣ ስንት ድንቢጥ አለዎት?»

«ናጋ ናቸው፣ ደህና ናቸው።»

«ቁጥራቸውን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ልጄ፣ እኛ የከብቶቻችንን ቁጥር እንኳ አንናገርም። እንዲያልቁብኝ ነው?»

(ሩዛችንን ከጆንያ እየለቀሙ የሚጨርሱብን ወፎች ከብቶቻችን መሆናቸውን ዛሬ ሰማሁ።)

ተማሪው ጉሮሮው ጥቁር ወደሆነው ወንድ ድንቢጥ ጠቁሞ «አንድ» ሲል አባቴ ጣቱን ያዙት።

«ሐጂ፣ በአውሮፓ ከተሞች እኮ በጣም እየቀነሱ ነው!»

«አየህ? ቆጥረዋቸው ነዋ!» ብለው በሩን አሳዩት።

እናንተ ቤትስ የማይቆጠር ምን አለ? ቁጥሩን ሳትነግሩኝ ጻፉልኝ።